ሃምሳ ሁለት ሳምንት አንደኛ

ሰው በገዛ አፉ ይጠፋል ይባላል። ሰዓት ሠሪው እንኳ በገዛ አፉ ጠፍቶ ቢቀር ይሻለው ነበር፤ እሱ በገዛ አፉ ታወቀ። ሌላው ሰው በንዴት የተናገረውን በማግስቱ ይረሳዋል፣ የሰማውም ይረሳለታል። የሱን ግን ሬዲዮ ጣቢያው በየሳምንቱ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት፣ ልክ ከዜና በኋላ፣ ከነአኮርዲዮኑ ለአገር ምድሩ ይደግምለታል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ማለት ይኼ ነው።

ያን ጊዜ ሬዲዮ ማለት አንድ ጣቢያ፣ ዝግጅት ማለት ደግሞ «አሥሩ ምርጦች» ነበር። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፀጉር ቆራጩ ግማሽ ራስ ትቶ ድምፁን ከፍ ለማድረግ ይሮጣል፤ ግማሽ ራሱ የቀረው ሰውዬም አይቆጣም፣ እሱም ጆሮውን ቀስሯል። አድማጭ የዘፈኑን ስም በደብዳቤ ይልካል፣ ጣቢያው ይቆጥራል፣ ከአሥረኛው ተነስቶ እስከ አንደኛው ያጫውታል። ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። ሰውን የሚፈጀው ደግሞ ሁልጊዜ ቀላል ነው የተባለው ነገር ነው።

ሰዓት ሠሪው ዘፋኝ አይደለም። ሱቁ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር የተወሸቀች፣ ደንበኛ ሲገባ ባለቤቱ ትንፋሹን መሰብሰብ ያለበት ክፍል ናት። እዚያ ውስጥ አጉሊ መነጽር ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ በወረንጦ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ብሎን ሲያሳድድ ይውላል። በትርፍ ጊዜው አኮርዲዮን ይጫወታል። አንድ ቀን የጓደኞቹ ባንድ ጣቢያው ስቱዲዮ ሊቀዳ ገብቶ ሳለ የባንዱ ዘፋኝ በጉንፋን ድምፁ ተዘጋ። የተፈቀደላቸው ሰዓት እንዳይባክን «በል አንተ ዝፈን» ብለው እሱን ወደ ማይክራፎኑ ገፈተሩት። ያን ሳምንት ደግሞ የልብ ጓደኛው፣ ከበሮ መቺው፣ አግብቶ ልምምድ መምጣት ትቶ ነበርና ሰዓት ሠሪው በጋብቻ ላይ ቂም ይዟል። እዚያው ወንበር ላይ በሃያ ደቂቃ ገጠመው፦

*ሞቼም አላገባም፣ ምዬ ተገዝቼ፣*
*ለብቻዬ ልኑር ሻዬን አፍልቼ።*

ከዚያ በኋላ ያሉት አሥራ ስድስት ስንኞች ይህንኑ እየገለበጡ የሚደግሙ ናቸው። ዘፈኑ አለቀ፤ የተቀዳበት የቴፕ ክር መደርደሪያ ላይ ወጣ፤ እሱም ወደ ብሎኑ ተመለሰና ረሳው።

ዓመት ቆይቶ አንዲት ሴት ከደረጃው ሥር ጎንበስ ብላ ገባች። በከተማው ስልክ ማዞሪያ ቤት፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ ሰውን ከሰው ስታገናኝ የምትውል ስልከኛ ናት። «ሰዓቴ በቀን ሃያ ደቂቃ ይቀድማል» አለችው። ሰዓቱን በአንድ ቀን ሠራው። ግን «ዕቃ ይጎድለዋል» እያለ ሦስት ሳምንት አስቀመጠው፤ እሷም በየሁለት ቀኑ እየመጣች ትጠይቃለች። በሦስተኛው ሳምንት «አንተ፣ ሰዓቱን ትመልሳለህ ወይስ እኔኑ ታስቀረኛለህ?» አለችው። ሰዓት ሠሪው ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው አልሆነም። ወደዳት፤ እንዲያው በደፈናው ወደዳት። በስድስተኛው ወር እንጋባ ተባባሉ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በዚያው ሳምንት በሬዲዮ ንግግር ያደርግ የነበረ አንድ ባለሥልጣን ከተሰጠው ጊዜ አራት ደቂቃ ቀደም ብሎ ጨረሰ፤ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶም አይታወቅ። የተደናገጠው ቴክኒሻን ክፍተቱን ለመሙላት እጁ የገባለትን ክር ጎትቶ አጫወተ። «ሞቼም አላገባም»! በሚቀጥለው ቅዳሜ አሥረኛ ሆነ። ከዚያ ስድስተኛ። ከዚያ ሦስተኛ። ከዚያ አንደኛ ወጣና እዚያው ተተከለ።

ስሙ ጠፋ። ዳቦ ሊገዛ ሲሄድ «ሞቼም መጣ! ለሞቼም ስጡት!» ይላሉ። ሰዓት የሚያሠሩ ሴቶች ዕቃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው «አይዞህ፣ ሰዓት ብቻ ነው የምናሠራህ» ይሉታል።

የስልከኛዋ አባት ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ሳሎናቸው ውስጥ አሁንም ደወል አለ፤ ምሳ ሲደርስ ይደውሉታል። ሰዓት ሠሪውን ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄን እንደምትወዳት አውቃለሁ» አሉት። «ጨዋ መሆንህንም አውቃለሁ። ነገር ግን በየቅዳሜው ለሕዝብ ሁሉ ሞቼም አላገባም እያለ ለሚምል ሰው ልጄን ብድር፣ ሰዉ የሚስቀው በማን ነው? በኔ! ይኼ ዘፈን ከአንደኛነቱ ይውረድ። ሁለተኛ ይሁን፣ ግድ የለኝም። በወረደ ማግስት ና።»

«ቃል ነው ጋሼ?»

«እኔ ሠላሳ አምስት ዓመት ቃሌን በደወል ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ።»

ሰዓት ሠሪው ተደስቶ ወጣ። ዘፈን ስንት ሳምንት ይቆያል? አራት? አምስት? ከዚያ በላይ ለመቆየት እንኳን ዘፈን ጉንፋንም አቅም የለው። ይኼኛው ዘፈን ግን በአሥረኛው ሳምንትም አንደኛ፣ በሃያኛውም አንደኛ። ሰዓት ሠሪው ለጣቢያው ደብዳቤ ጻፈ፦ «ይህ ‹ሞቼም አላገባም› የተባለ ዘፈን ደረጃው የማይገባው ስለሆነ እንዲነሳ በትሕትና አመለክታለሁ።» መልስ የለም። ደግሞ ጻፈ። ትሕትናውን ቀንሶ ጻፈ። አሥራ አራት ደብዳቤ ልኮ ዘፈኑ ንቅንቅ አልል ሲለው፣ በሠላሳኛው ሳምንት ሱቁን ዘግቶ ራሱ ሄደ።

ቆጠራው የሚካሄደው በጣቢያው ምድር ቤት ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት ጆንያ ደብዳቤ፣ አንድ የሚንተከተክ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ ቀይ እርሳስ የያዙ አንዲት አሮጊት። ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም «እትዬ ቆጣሪ» ይሏቸዋል።

«ምን ፈልገህ ነው ልጄ?»

«እትዬ፣ አንድ ዘፈን እንዲወርድ ፈልጌ ነበር። ሞቼም አላገባም።»

«በቃል አንቀበልም። ጻፈው።»

«ጽፌያለሁ እኮ! አሥራ አራት ጊዜ!»

«እንግዲያው አሥራ አራቱም ተቆጥሮልሃል» አሉና አንድ ፖስታ ቀደዱ። ደብዳቤውን ከላይ ወደ ታች በዓይናቸው ጠረጉት፣ የዘፈን ስም ሲያገኙ በቀይ አሰመሩበት፣ ከጎናቸው ባለው ወረቀት ላይ አንድ ጭረት ጫሩ፣ ወረወሩት።

ሰዓት ሠሪው የወደቀውን አንስቶ አነበበ። «ሞቼም አላገባም የሚባለውን ቆሻሻ ዘፈን ካላነሳችሁ ሬዲዮኔን ከመስኮት እወረውረዋለሁ» ይላል።

«እትዬ! ይኼ ሰውዬ እኮ እየተሳደበ ነው!»

«ይስደብ።»

«ድምፅ አድርገው ቆጠሩለት!»

«ስሙ አለበት የለበትም?» አሉና እርሳሳቸውን ወደ ግድግዳው ቀሰሩ። የተለጠፈው መመሪያ በትልልቅ ፊደል «የዘፈን ስም የተጠቀሰበት ደብዳቤ ሁሉ አንድ ድምፅ ነው» ይላል። «ከኔ በፊት የነበረው ቆጣሪ ያነብ ነበር። አንዱ ‹ይህ ዘፈን ገደለኝ› ብሎ ቢጽፍለት ጠላው ብሎ ጣለበት። ሰውዬው ለካ ወዶት ነው፤ ጠበቃ ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ማንበብ ክልክል ነው። እኔ የሰው ልብ አልመረምርም፣ ስም እቆጥራለሁ።»

ሰዓት ሠሪው ጆንያው አጠገብ ተቀመጠና ሥራ የፈታ ይመስል እስኪዘጋ ድረስ ሲያነብ ዋለ። ወይ ጉድ! እናቶች ልጆቻችን ሞቼም አላገባም እያሉ አስቸገሩን ብለው ጽፈዋል። የማዘጋጃ ቤቱ ጋብቻ ክፍል በማኅተም፣ ተገልጋይ ቀነሰብን ብሎ አመልክቷል። «የማክሰኞ ዝናብ» በሚል ዘፈኑ ከሁለተኛነት አልፎ የማያውቀው ዘፋኝ በየሳምንቱ ስድስት ስድስት ደብዳቤ እየጻፈ «ሞቼም አላገባም»ን ይራገማል፤ ጨዋነት ይዞት የራሱን ዘፈን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልጠቀሰም። ከሁሉ በላይ ግን በሰማያዊ ቀለም፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ ቁጥርና ቀን ተሰጥቷቸው፣ «ግልባጭ፦ ለፋይል» የሚሉ ደብዳቤዎች ነበሩ። በሳምንት ሦስት። የስልከኛዋ አባት ናቸው።

ከሦስቱ ጆንያ ውስጥ ዘፈኑን ወድጄዋለሁ የሚል አንድ ደብዳቤ አላገኘም። አንድ! አገር ሙሉ እየጠላው አንደኛ ያደረገው ዘፈን ነው። ሰዓት ሠሪው ሳቁ መጣ፤ መድኃኒቱ በእጁ ገባ። ሁሉም ሰው አፉን ቢይዝ ዘፈኑ በሳምንት ውስጥ ይሞታል።

እየሮጠ ዳይሬክተሩ ቤት ሄደ። «ጋሼ፣ በሞቴ! አይጻፉ! ዝም ይበሉ፣ ዝም አይነቅዝም!» ብሎ ሁሉንም አስረዳቸው። ዳይሬክተሩ አዳመጡት፤ ጥሩ አድማጭ ናቸው፣ ተማሪ ከመግረፋቸው በፊትም ያዳምጡ ነበር።

«ስለዚህ ጥፋት እያየሁ ልቀመጥ?» አሉ።

«ካልሆነም ስሙን አይጥሩት። ያ ዘፈን ይበሉ።»

«ተከሳሹ ሳይጠቀስ ክስ ይጻፋል? አንተ ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው የተማርከው?» ቆጣ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ፈገግታቸውን ሊደብቁ እየታገሉ፣ «ደግሞ የዝግጅቱ አቅራቢ ባለፈው ቅዳሜ ደብዳቤዬን በሙሉ አንብቦታል። ‹ያልታከቱት አባት› ብሎኛል። ሰምተሃል? ዛሬ ፖስታ ቤት ወንበር ለቀቁልኝ» አሉት።

ስልከኛዋ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ሰዓት ሠሪውን እስከ ውጪ ሸኘችው።

«ስማኝ» አለችው። «ማክሰኞ እረፍት ነኝ። ማዘጋጃ ቤት እንሂድና እንፈርም። ጋብቻ ክፍሉ እንደሆነ ሰው ናፍቆታል አልክ። አባዬ አንድ ሳምንት ይቆጣል፣ በሁለተኛው ይለምደዋል።»

«እንደ ሌባ ተደብቄ?» አለ ሰዓት ሠሪው። «አይሆንም። በአደባባይ የወጣሁ በአደባባይ ወርጄ ነው የምወስድሽ። ትንሽ ታገሺኝ።»

ትዕግሥት ሥራዋ ነው፤ ቀኑን ሙሉ «ይጠብቁ፣ መስመሩ ተይዟል» ስትል ነው የምትውለው። ነገር ግን እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ማዞሪያ ቤት ያሉትን ሠላሳ ስልከኞች ሰበሰበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በከተማው የደወለ ሁሉ «ከማን ጋር ላገናኝዎት? እግረ መንገድዎን ለ‹የማክሰኞ ዝናብ› አንድ ደብዳቤ ይጻፉልን» ሳይባል መስመር አያገኝም። ሐኪም የሚጠራ ሰው እንኳ አልቀረለትም። ዝናቡ መክበድ ጀመረ። የሁለት መቶ ድምፅ ልዩነት መቶ ሆነ፣ ከዚያ ስልሳ፣ ከዚያ ሃያ።

ሰዓት ሠሪው በየዓርቡ ወደ ምድር ቤቱ ወርዶ ቆጠራውን ይከታተላል። ልዩነቱ ሲጠብ ለስልከኛዋ ሊነግራት ይሮጣል። እየሮጠም አንድ ነገር ቅር ይለዋል። ምን እንደሆነ ራሱን አልጠየቀም። አንዳንድ ጥያቄ ካልጠየቁት አይመጣም ብሎ የሚያስብ ሰው ነው።

በሃምሳኛው ሳምንት አቅራቢው አዲስ ነገር አወጀ፦ ማንኛውም ዘፈን ዓመት ሙሉ፣ ማለትም ሃምሳ ሁለት ሳምንት፣ አንደኛ ከሆነ፣ ዘፋኙ በዚያው ቅዳሜ ስቱዲዮ ተጋብዞ የአንድ ሰዓት ልዩ ዝግጅት ይሠራለታል። ከሱም ጋር ስለ ዘፈኑ ከሁሉ አብልጦ የጻፈ አድማጭ ይቀርባል። «ያ ማን እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን!» አለና ሳቀ። ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በማግስቱ ሙሉ ልብሳቸው ልብስ ንጽሕና መስጫ ተወሰደ፤ «ብል እንዳይበላው» አሉ። ሰዓት ሠሪውም አኮርዲዮኑን አውርዶ አቧራውን አራገፈ፤ እሱም «እንዳይዝግ» አለ።

ሃምሳ አንደኛው ቅዳሜ ሦስቱም ሳሎን ተቀመጡ፤ አባት በትልቁ ወንበር፣ ሰዓት ሠሪው በትንሹ፣ ስልከኛዋ የሻይ ብርጭቆ የያዘ ትሪ ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ሦስተኛው ዘፈን አለቀ። አቅራቢው ሰው ማስጨነቅ ይወዳል።

«እንግዲህ አድማጮች» አለ ቀጥሎ፣ «‹የማክሰኞ ዝናብ› በዚህ ሳምንት ያልተጠበቀ ድምፅ አግኝቷል...»

የዳይሬክተሩ ፊት አመድ መሰለ። ሰዓት ሠሪው ወንበሩን ወደ ሬዲዮው አስጠጋ።

«... ሆኖም በሦስት ድምፅ ተበልጦ ሁለተኛ! ‹ሞቼም አላገባም› አሁንም አንደኛ!»

ሁለቱ ወንዶች ከወንበራቸው ዘለው ተቃቀፉ። በደንብ ተቃቀፉ እንጂ! አባት የሰዓት ሠሪውን ጀርባ ደበደቡ፣ እሱም እሳቸውን ከመሬት ሊያነሳ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነገሩ ትዝ አላቸው። ተላቀቁ። ዳይሬክተሩ «አሳፋሪ ነው» ብለው ተቀመጡ። ሰዓት ሠሪውም «በጣም ያሳዝናል» አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ስልከኛዋ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው። ዘፈኑን እስከ መጨረሻው፣ አሥራ ስምንቱንም ስንኝ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። እስካሁን እንዲህ ሰምታው የምታውቅ አትመስልም። ከዚያ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ገባች። ሰዓት ሠሪው ሊከተላት ብድግ ብሎ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ግን ለልዩ ዝግጅቱ ስለሚዘጋጀው ንግግር ሊያማክሩት ፈለጉና መልሰው አስቀመጡት።

በሃምሳ ሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ምድር ቤት ወረደ። እትዬ ቆጣሪ የመጨረሻውን ጆንያ ጨርሰው ጭረቶቹን ይደምራሉ። ሁለት ጊዜ ደመሩ። መነጽራቸውን ጠርገው ሦስተኛ ደመሩ።

«አራት መቶ አሥራ ሁለት ለአራት መቶ አሥራ ሁለት» አሉ። «እኩል ከሆኑ የቆየው ለአዲሱ ይለቅቃል። ደንብ ነው። ወረድክልኝ ልጄ።»

ሰዓት ሠሪው «እሰይ» አላለም፤ ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ ጭረቶቹን እንደገና መቁጠር ጀመረ።

እትዬ ቆጣሪ ጆንያውን ለማጠፍ ሲያራግፉት አንድ ፖስታ ጠብ አለ። ቀደዱት፣ በዓይናቸው ጠረጉት፣ በቀይ አሰመሩ። «አይ! ያንተው ነው» አሉና ጭረቷን ከመጫራቸው በፊት እጃቸውን ገታ አደረጉ። የሰዓት ሠሪው ፊት ተለዋውጧል፤ የእጅ ጽሑፉን አውቆታል። ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ።

«ለአሥሩ ምርጦች ክፍል። በከተማው ስልክ ማዞሪያ ቤት የምሠራ አድማጫችሁ ነኝ። እስከ ዛሬ ለ‹የማክሰኞ ዝናብ› ብዙ ሰው አስጽፌያለሁ። አሁን ግን ‹ሞቼም አላገባም› እንዲሰማልኝ እፈልጋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዳመጥኩት፤ ግጥሙ እውነት ነው፣ ወድጄዋለሁ። ምርጫዬ መታሰቢያነቱ ለአባቴና ለሰዓት ሠሪው ይሁንልኝ። ሁለቱም ደስ ብሏቸው አብረው ያዳምጡት።»

ሰዓት ሠሪው ጆንያው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። አለቀሰ። የእውነቱን ነው ያለቀሰው፤ እንባው ወረቀቱ ላይ ወርዶ ቀለሙን አደበዘዘው። «ወደደችው» አለ። «በዓመት አንድ ሰው ወደደው፣ እሷም...»

እትዬ ቆጣሪ አሥራ ሰባት ዓመት ያላደረጉትን አደረጉ። ደብዳቤውን ከእጁ ወስደው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ስማ» አሉት። «ይኼ ፖስታ ጆንያ ሥር ተጣብቆ ነው የተገኘው። እኔ ደግሞ ዓይኔ ደክሟል። አላየሁትም ብል ማንም አይከሰኝም። ከአንደኛነቱ ትወርዳለህ፣ እዚያው ማዞሪያ ቤት ሮጠህ በሯን ታንኳኳለህ። ልጅቷ አዝና ነው እንጂ አልጨከነችም፤ የጨከነች ሴት ደብዳቤ አትጽፍም። ሥራ የምትወጣው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው አላልከኝም? ትደርሳለህ። በል ንገረኝ፣ ልቁጠረው ወይስ ልተወው?»

ሰዓት ሠሪው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ይላል። ወደ በሩ አየ። ወደ ደብዳቤው አየ። ሊወጣ ብድግ አለ፣ ሁለት እርምጃም ተራመደ፤ እዚያው ቆመ። ልቡ በእውነት ተሰብሯል፣ እንባውም ገና አልደረቀም። በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገና ቀና ሳይል ተናገረ።

«እትዬ፣ ነገ ስቱዲዮ በስንት ሰዓት ልገኝ?»